«ወረቀት አምጡ»

ልጄ ማንበብ ስላቃተው ትምህርት ቤቱ «አስመርምሩትና ወረቀት አምጡ» ብሎኛል። የት? ማን ጋ? ምን የሚል ወረቀት? እሱን የሚነግር የለም።

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው፣ አንደኛ ክፍል። ተረት አውራ ካልከው አያቆምም። ፊደል ላይ ግን ዛሬ የለያትን «በ» ነገ «ሰ» ይላታል። የኛ ፊደል ደግሞ ምሕረት የለውም። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ እግሯ ትንሽ ከታጠፈች ድምጿ ሌላ ነው።

እናቴ ፀበል ይሂድ አለች። ባለቤቴ «እኔም እንደሱ ነበርኩ፣ አሁን ምን ሆንኩ?» ብሎ ተቆጣ። የመንግሥት ሆስፒታል ቀጠሮ ሩቅ ሆነብኝና የግል መፈለግ ጀመርኩ።

ኦቲዝም ቢያንስ ስሙ ይታወቃል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸውን ልጅ ይዘው አደባባይ ወጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፍተው ብዙ ደክመውበታል። ማንበብ የሚያቅተው ልጅ ግን አሁንም ስሙ «ሰነፍ» ነው።

ስልክ ስደውል ሁሉም ቀድሞ የሚነግረኝ ዋጋ ነው። እኔ የምጠይቀው በምን ቋንቋ እንደሚፈትኑት ነበር። አንዱ ቦታ «ፈተናችን ኢንተርናሽናል ነው» አለችኝ፣ በኩራት። ታዲያ ነጥቡ የሚመዘነው ከውጭ አገር ልጆች ጋር ከሆነ፣ ቤቱ አማርኛ ብቻ የሚያወራ ልጅ ምን ሊሆን ነው? ስታዲየም አካባቢ ያገኘኋት ባለሙያ ግን ገና ሳልጨርስ «በአማርኛም አስነብበዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ጆሮውንና ዓይኑን አሳዪው» አለችኝ። በደንብ የማይሰማ ወይም የማያይ ልጅም ፊደል ይምታታበታል። አሳየሁት፣ ደህና ነው።

ከዚያ ጥያቄ መጣ። እርግዝናው እንዴት ነበር፣ መቼ ተራመደ፣ መቼ አፉን ፈታ። ለልጄ መምህርም የሚሞላ ቅጽ ላከች። ባለቤቴ «እኔም እንደሱ ነበርኩ» ሲላት ቀና ብላ ቶሎ ጻፈችው። ለካ የማንበብ ችግር በዘር ይሄዳል። የኛ ሰውዬ መከላከያዬ ያለው ነገር ማስረጃ ሆኖ አረፈው።

ሲያነብ እኔ ጥግ ቁጭ ብዬ ነበር። የበሬ ስዕል፣ ከሥሩ «በሬ» የሚል ጽሑፍ። በፍጥነት «በሬ!» አለ። እሷ ስዕሉን በመዳፏ ሸፈነችና እንደገና አለችው። ጣቱን ፊደሏ ላይ አድርጎ የሚያየው ግን የሷን አፍ ነው። «ሰ... ሰሬ?» አለ። ቀጥሎ «ስዕሉን ለምን ሸፈንሽው?» ብሎ ተናደደባት። ዓመቱን ሙሉ በስዕልና በሰው ፊት እየገመተ ነው የከረመው። ይሄ ልጅ ሰነፍ ነው? እንዲህ የሚደክም ሰነፍ አላየሁም።

ገና ትንሽ ስለሆነ ለችግሩ ስም ለመስጠት እንደማትቸኩል ነገረችኝ። እኔም ስሙን አልፈለግኩትም። የለመንኳት መምህሯ ምን ታድርግ የሚለውን በግልጽ እንድትጽፍልኝ ነው። ክፍል ፊት ቆሞ እንዳያነብ፣ ፈተና ላይ ጥያቄው እንዲነበብለት፣ ጊዜ እንዲጨመርለት፣ ከሰሌዳ መገልበጡ እንዲቀንስለት።

ወረቀቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይደርሳል። ሁለት ኮፒ አወጣለሁ። የዳይሬክተሩ ፋይል ውስጥ እንደሚገባ አውቃለሁ። የመምህሯን ግን ራሴ እጇ ላይ አደርሳለሁ፤ ቁጭ ብለንም እናነበዋለን።