ግንቦት ላይ ጅቡቲ ማን ይሄዳል?

እናቴ «በግንቦት? ምን ቆርጦህ!» ብላኝ ነበር። ከለቡ በባቡር ተነስቼ ድሬዳዋ አደርኩ፤ በማግስቱ ደወሌ ላይ ፓስፖርቴን አስመትቼ ናጋድ ጣቢያ ወረድኩ። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፣ ግማሹን ተኝቼ ነው ያለፍኩት። ከባቡሩ በር ስወጣ ግን አክንባሎ ሲነሳ ከምጣድ የሚወጣው እንፋሎት ዓይነት አየር ፊቴን መታኝ።

ባለታክሲው ሦስት ሺህ ፍራንክ አለኝ። በተሰባበረ ፈረንሳይኛ ልከራከር ስል በአማርኛ «አቦ ግባ፣ ፀሐይ ላይ አትቁም!» አለኝ። ድሬዳዋ ያደገ ነው። (ድሬዳዋ ራሷ የጅቡቲ ባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ደርሶ ነው ከተማ የሆነችው።) በቋንቋዬ ሲያናግረኝ ወንድሜ መሰለኝና ዝም ብዬ ከፈልኩ። ሆቴል ስደርስ «ከአንድ ሺህ አምስት መቶ አያልፍም ነበር» አሉኝ። ይበልጥ ያናደደኝ ግን ገንዘባቸው ነው። አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ወዲህ ንቅንቅ አላለም። እኔ በየማለዳው የብሩን ምንዛሪ ስልኬ ላይ አይቼ ነው ከአልጋ የምወርደው።

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የአየር ማቀዝቀዣው አንዴ አጉረምርሞ ጸጥ ሲል አንሶላው ገላዬ ላይ ተጣበቀ። ደረጃውን እየዳበስኩ ወረድኩ፤ ሽማግሌው ዘበኛ በር ላይ ሰሌን አንጥፈው ተጋድመዋል።

«አባባ፣ መብራቱ መቼ ይመጣል?»

ሳቁብኝ። «ከናንተ አይደል የሚመጣው? እኔን ትጠይቀኛለህ?»

እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ መስመራቸው ከእኛ ጋር ተገናኝቷል። አዲስ አበባ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰፈሩን በስድብ የማስነሳ ሰው፣ እዚያ የሀገሬ ጠበቃ ሆኜ «ብልሽቱ በእናንተ በኩል ይሆናል» ብዬ ቀረሁ። አልመለሱልኝም። ፎጣዬን ተቀብለው ከጀሪካን ውሃ አርከፈከፉበትና ደረቴ ላይ አለበሱኝ፤ ከሰሌኑም ግማሹን ለቀቁልኝ። ጎህ ሲቀድ ፎጣው እንደ ቆዳ ደርቆ ነበር።

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ መሃሏን በአንድ ሰዓት ዞሬ ጨረስኩ። ነጫጭ ቅስቶች የከበቡት አደባባይ ስሙ የነፃነታቸው ቀን፣ ሰኔ 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሰው ግን «ምኒልክ» ይለዋል። ፒያሳ የቀረሁ መሰለኝ፣ ፈረሱ ብቻ ጎደለ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል። በዚያው ሰዓት አካባቢ ከእኛ ሀገር የመጣው ጫት ይደርሳል፤ የመኪና ጡሩምባ ሰፈሩን ያናውጠዋል፣ ደንዝዞ የነበረው ሁሉ ይነቃል። ከጃንጥላ ሥር የተቀመጠች ሻጭ እርጥቡን ጆንያ በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ እስሩን አሳየችኝና ወዲያው ሸፈነችው፤ ሕፃን እንደተኛበት። ዋጋውን ወደ ብር ስመነዝረው አወዳይ ሄጄ ቅሜ የምመለስበት ሆነ።

የየመኖቹን ዓሣ ግን አላማውም። ከጀርባው ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ጠርዙ አሮ፣ መሃሉ ረጥቦ ይወጣል። በጋዜጣ ላይ ከሰፊ ቂጣ ጋር አቀረቡልኝ። ማርና ሙዝ የተለወሰበት ቂጣ ሲያስከትሉ ምሳ ነው ጣፋጭ ብዬ ተጠራጠርኩ፤ ከዚያ ደገምኩ።

ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር የሚወርደውን አሳል ሐይቅንም አይቻለሁ፤ የቀረኝ በኪሴ የያዝኩት ጨው ነው።

ስመለስ ያው ባለታክሲ ገጠመኝ። ቀድሜው «አንድ ሺህ አምስት መቶ!» አልኩ። ናጋድ ስንደርስ ጭራሽ ገንዘቤን አልነካም አለ፤ ይልቅ ድሬዳዋ ላለች እህቱ የምትሰጥ አንድ ጣሳ የዱቄት ወተት አሸከመኝ። ደወሌ ላይ ፈታሹ ጣሳውን እያገላበጠ «የማን ነው?» አለኝ።

«የእህቴ» አልኩት።