መከለሻው፦ ስለ ሳይንሳዊ አኒሜና ስለ ፍቅር ተሟግቼ እንዴት እንደተረታሁ

ክርክሩን የቀሰቀስኩት እኔው ነኝ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጓደኛዬ ቤት ቡና እየጠጣን ሳለ፣ የጃፓን ሳይንሳዊ ልብ ወለድ አኒሜዎች (በሥዕል የሚሠሩ ፊልሞች) ስለ ጠፈርና ስለ ጦር መሣሪያ ሲተርኩ የተዋጣላቸው ቢሆኑም ፍቅር ላይ ሲደርሱ እጃቸው ይዝላል አልኩ። ጓደኛዬ አልተስማማም። ነገሩ በወሬ እንዳይቀር የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ተያዘ፤ ታላቅ እኅቱ ዳኛ ልትሆን፣ እኛም ሁለት ሁለት ሥራ በማስረጃነት ልናቀርብ ተስማማን።

ለዝግጅቱ አንድ መለኪያ አበጀሁ፦ ሳይንሱን ከታሪኩ ብናወጣው ፍቅሩ ሳይጎድልበት ይቆማልን? ከቆመ፣ ፍቅሩ በዚያ ታሪክ ውስጥ እንግዳ እንጂ የቤት ልጅ አይደለም ማለት ነው። ከዚያም ቀድሞ ያየኋቸውን ሥራዎች ደብተር ይዤ እንደገና ተመለከትኩ። ከሠራሁት ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው፤ አውቃቸዋለሁ ብዬ በድፍረት ስናገርላቸው ከኖርኩት ትዕይንቶች አንዳንዶቹ ጭራሽ እኔ እንደማስታውሳቸው አልነበሩም። በትዝታዬ ውስጥ የቀረው ሥራው ሳይሆን ያን ጊዜ የተሰማኝ ስሜት ነበር።

በቀጠሮው ቀን ገና አፌን ስከፍት ተሳሳትኩ። «በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ ፍቅር መከለሻ ነው፤ የሚነሰነሰው ወጡ ከበሰለ በኋላ ነው» ስል ዳኛዋ ሳቀች። «አንተ መከለሻ ያልገባበት ወጥ ይጥምሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጓደኛዬም ይህችን ቃል እስከ መጨረሻው አልለቀቃትም። በበላ ልበልሃ ዘመን ቢሆን ኖሮ እዚያው ላይ ያበቃልኝ ነበር።

ቢሆንም ማስረጃዎቼ ደካማ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው «ካውቦይ ቢባፕ» ውስጥ ዋናው ገፀ ባሕርይ ስፓይክ የሚወዳት ጁሊያ ከ26ቱ ክፍሎች የምትታየው በጥቂቶቹ ብቻ ነው፤ የጠፈር መርከቦቹን አንሥተን በምትካቸው መኪና ብናስገባ፣ ከወንበዴ ድርጅት የሸሸ ሰውና በቀጠሮዋ ያልተገኘች ሴት ታሪክ ሆኖ ምንም ሳይጎድለው ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. የ2018ቱ «ዳርሊንግ ኢን ዘ ፍራንክስ» ደግሞ አነሣሡ ግሩም ነው፦ መሳም ምን እንደሆነ እንኳ ሳይነገራቸው ያደጉ ልጆች፣ ወንድና ሴት ጥንድ ጥንድ ሆነው ካልተግባቡ የማይንቀሳቀስ ግዙፍ መሣሪያ ይነዳሉ። በዚህ አያያዙ ፍቅሩና ሳይንሱ አንድ አካል ነበሩ፤ ነገር ግን ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ከጠፈር የመጣ ሌላ ጠላት ድንገት ይገባና ልጆቹ ስለ ራሳቸው ይጠይቁት የነበረውን ጥያቄ ሁሉ ጦርነቱ ጠራርጎት ይሄዳል። ይህን ስናገር ዳኛዋ ራሷን በስምምነት ነቀነቀች፤ የረታሁም መስሎኝ ነበር።

ጓደኛዬ ግን የራሴን መለኪያ አንሥቶ መጣብኝ። ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1982 የተጀመረውን «ማክሮስ»ን ነበር። ዜንትራዲ የተባሉት ግዙፍ ጠላቶች ወንድና ሴት ተለያይተው የሚኖሩ፣ ከጦርነት በቀር ባህል የሌላቸው ፍጡራን ናቸው። ሂካሩና ሚሳ፣ ገና ሳይዋደዱ፣ በሬዲዮ ሲጨቃጨቁ የከረሙ ሁለት ሰዎች፣ ተማርከው ሳሉ በዜንትራዲ አዛዦች ፊት ይሳሳማሉ። ምድርን ለማጥፋት የማያመነቱት ግዙፋን በዚያች አንዲት ስሞሽ ይደነግጣሉ። «እስቲ ከዚህ ላይ ሳይንሱን አውጣው፤ ምን ይቀርሃል?» አለኝ። የሚቀረው እያፈሩ የሚሳሳሙ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እኔ ይህን ሥራ ከዝግጅቴ የዘለልኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሥዕሉ አርጅቷል ብዬ ነው።

ከዚያ የባሰው ደግሞ የደበቅኩት ነገር መውጣቱ ነው። በደብተሬ ውስጥ የጃፓናዊው የፊልም ሠሪ የማኮቶ ሺንካይ «የሩቅ ኮከብ ድምፆች» በሚል ርእስ ሥር «መለኪያውን ያልፋል» ብዬ ጽፌ፣ ለክርክሬ ስላልተመቸኝ ሳልጠቅሰው ቀርቻለሁ። ሺንካይ እ.ኤ.አ. በ2002 ለብቻው ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ በኮምፒውተሩ በሠራው በዚህ የ25 ደቂቃ ያህል ፊልም፣ ልጅቱ በጠፈር መርከብ እየራቀች በሄደች ቁጥር ለወዳጇ በሞባይል የምትልከው መልእክት እየዘገየ ይሄዳል፤ ሲሪየስ ኮከብ ዘንድ ስትደርስ የላከችው ቃል ምድር ለመድረስ ከስምንት ዓመት በላይ ይፈጅበታል። እሷ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለች፣ አንባቢዋ ጎልማሳ ሆኖ ይጠብቃታል። ዳኛዋ ፊልሙን አይታው ኖሯል፤ «ይህንንስ ረስተኸው ነው?» ስትለኝ ረስቼው ነው ለማለት አልደፈርኩም። የሚቃወመኝን ማስረጃ አስቀድሜ እኔው ባነሣው ኖሮ ቢያንስ የማብራራት ዕድል ይኖረኝ ነበር።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣውን «ፕላኔተስ»ን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2075 በምድር ዙሪያ የሚንሳፈፈውን የጠፈር ቆሻሻ የሚለቅሙ ሠራተኞች ታሪክ ነው። እዚህ ላይ መለኪያዬ ራሱ ተሰበረ፤ ምክንያቱም የሁለቱ ሠራተኞች፣ የሃቺማኪና የታናቤ፣ ፍቅር የተሠራው ከአንድ መሥሪያ ቤት ጭቅጭቅና ድካም ነው፣ የትም ቦታ ሊሆን ይችል ነበር፣ ነገር ግን ካነሣናቸው ሁሉ እውነተኛው እሱ ነው። እኔ የጋብቻ ጥያቄው ያለበትን ትዕይንት በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ አይቼ «ቀዝቃዛ» ብዬ መዝግቤዋለሁ። ጓደኛዬ ግን ሁለቱ ፍቅረኞች ጃፓናውያን ሺሪቶሪ የሚሉትን የቃል ቅብብል እየተጫወቱ መሆናቸውን አስረዳን። በጨዋታው አንዱ ቃሉን በጨረሰበት ድምፅ ሌላው ይጀምራል፤ በ«ን» ድምፅ የሚያልቅ ቃል የተናገረ ይሸነፋል፣ በዚያ የሚጀምር ቃል በቋንቋቸው የለምና። ሃቺማኪ ተራው ሲደርስ «እንጋባ» ይላታል፤ በጃፓንኛ ቃሉ የሚያልቀው በ«ኡ» ነው። እሷም «ኡን» ትለዋለች፤ እሺ ማለት ነው። እሺ ስትለው ጨዋታውን ተሸነፈች።

ዳኛዋ ሲኒዋን አስቀምጣ ለጓደኛዬ ፈረደችለት። እኔም ደብተሬን አውጥቼ «ቀዝቃዛ» የምትለዋን ቃል ሰረዝኳት።