ባሕር ማንንም አያሳድድም

ይህቺን ዓረፍተ ነገር የተናገርኳት እኔ ነኝ። እስካሁን ትቆጨኛለች።

በትርጉም ክፍል ውስጥ እየሠራሁ ስለ ኪሪባስ የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ደረሰኝ። ኪሪባስ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ የተበታተነች የደሴቶች አገር ናት። አብዛኛው መሬቷ ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። እዚያ ሰው መሬቱን ከማጣቱ በፊት ውሃውን ያጣል። ማዕበል ሲመጣ ጨዉ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ይገባል። ባባይ የሚሉት የሥር ምግብ አላቸው፤ የሚተከለው ከሥር ያለው ውሃ እስኪገኝ ድረስ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ጨው ከገባበት አለቀለት።

የመጀመሪያው ክፍል ታርሞ ሲመለስልኝ፣ «ነዋሪዎቹ» ያልኩት ሁሉ «የአየር ንብረት ስደተኞች» ሆኗል። ተነሥቼ አርታኢያችን ጋ ሄድኩ። ትልቅ ሰው ናቸው።

«ስደተኞች አይባሉም» አልኳቸው።

«አገራቸውን ትተው ሊሄዱ ነው ትያለሽ። ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«እ.ኤ.አ. በ1951 በወጣው ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት ስደተኛ የሚባለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ መሳደድን የሚፈራ ሰው ነው። ባሕር ማንንም አያሳድድም።»

ሳቅ አሉ። «ይሄስ እውነት ነው» ብለው ቃሉን ከላይ እስከ ታች ሰረዙት። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ማታ ሁለተኛውን ክፍል ጀመርኩ። ስለ ኢዮአኔ ቴይቲዮታ ነበር። ሰውየው ከኪሪባስ ወጥቶ ኒውዚላንድ ይኖር ነበር። ባሕሩ አገሬን እየበላው ነው፣ ውሃው ጨው ሆነ፣ በቀረችው መሬት ሰው ይጣላል ብሎ ጥገኝነት ጠየቀ። ፍርድ ቤቶቹ ያሳደደህ የለም፣ ስደተኛ አይደለህም አሉት። እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ አገሩ መለሱት። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ በሆነ ውሳኔ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴም አልፈረደለትም። ሆኖም የአየር ንብረት ለውጥ ሕይወታቸውን አደጋ ላይ የሚጥልባቸውን ሰዎች መመለስ ወደፊት ሕገወጥ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ።

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ቀን የተከራከርኩበት ነጥብ በር የተዘጋበት ነጥብ ነው። ቃል በቃል።

ጠዋት አርታኢው ጋ ተመለስኩና ነገርኳቸው።

«እንግዲያው ልመልሰው?»

«አይ፣ አይመልሱት» አልኩ። የኪሪባስ ፕሬዚዳንት የነበሩት አኖቴ ቶንግ መሄድ ግድ ከሆነ ሕዝቤ በክብር ይሂድ፣ ሙያ ይዞ፣ ሳይለምን ይሂድ ይሉ እንደነበር ነገርኳቸው። የእኛ «ስደተኛ» ደግሞ ሥራ ፍለጋ የሄደውንም ነፍሱን ለማዳን የሸሸውንም አንድ ላይ ይጠቀልላል። ሰዎቹ ራሳቸው ያልፈለጉትን ስም እኛ ለምን እንለጥፍባቸዋለን?

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ታዲያ ይሄን ትናንት ለምን አላልሽኝም?»

መልስ አልነበረኝም። ትናንት ቀድሞ አፌ ላይ የመጣው ሕጉ ነበር።