ሰው እንዳይለምድ

እሁድ ማታ ነው። ልጆቹ ተኝተዋል፣ እኔን ግን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። አያት አካባቢ ቤት ሠርቶ ገና መግባቱ ነው፣ አጥሩ አላለቀም፣ ሰፈሩም ጭር ያለ ነው። «እህቴ፣ አንቺ ስለ ውሻ ታውቂያለሽ፣ እስቲ ኃይለኛ ዘር ፈልጊልኝ» አለኝ። «ኃይለኛ ስትል?» አልኩት። «የሚናከስ ነዋ! ጭራውን እየቆላ ሁሉን የሚቀበል ምን ያደርግልኛል?» አለ። ከዚያ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ማውራት ጀመረ፣ ስልኩም ተዘጋ። እኔ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጃክን እያሰብኩ ነው።

ጃክ የልጅነታችን ውሻ ነው። ወንድሜ ያኔ ገና ዳዴ ስለሚል አያስታውሰውም። እኔ 11 ዓመቴ ነበር። አባዬ ከመሥሪያ ቤት ጓደኛው ቤት ነው ያመጣው። እናቱ የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነች፣ አባቱን ግን የሚያውቅ የለም። የጃክን ወንድም ደግሞ መታጠፊያው ላይ ያለው ባለሱቅ ወሰደው፣ ስሙንም ቡቺ አለው። ሁለቱንም በአንድ ካርቶን፣ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ያመጣኋቸው። ተቃቅፈው ተኝተው ነበር። ጃክ ደረቱ ላይ ነጭ ባይኖረው ኖሮ አንዱን ከአንዱ መለየት አይቻልም።

ቤት እንደደረስን ዘበኛችን፣ አባባ ነበር የምንላቸው፣ ቡችላውን በማጅራቱ አንጠልጥለው አገላብጠው አዩት። «ዘሩስ ጥሩ ነው፣ ብቻ ሰው እንዳይለምድ» አሉ። አባዬም ተስማማ። ሰፈሩ ውስጥ ይሄን የማያውቅ አልነበረም፣ ሰው የለመደ ውሻ ዋጋ የለውም ነው የሚባለው። ቡችላ ይከፋል ብሎ ሚጥሚጣ የሚያበላም ነበር። እኛ ያን አላደረግንም። ጃክን ከሰል ቤት አስገባነውና በሩን ዘጋንበት፣ በቃ። ምግብ የሚሰጠው አባዬ ብቻ ነበር፣ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ። እኔ እንዳልጠጋው ተከለከልኩ። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ሲያላዝን እሰማው ነበር፣ ትራስ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እተኛለሁ። ከሳምንት በኋላ ዝም አለ፣ እኛም ለመደ አልን።

ከከሰል ቤት የወጣው ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነው። ከዚያ ግቢው ውስጥ ያለው የጽድ ዛፍ ሥር ታሰረ። ቀን ሰንሰለት ላይ፣ ሌሊት ግቢ ውስጥ ልቅ። ከጽዱ ዙሪያ ሣር የሚባል አልነበረም። እየተሽከረከረ ስለሚውል መሬቱ ተልጦ ክብ ሆኖ ነበር፣ ልክ በሰንሰለቱ ርዝመት። ክረምት ላይ ጭቃ፣ በጋ ላይ አቧራ። ከክቡ ውጪ ሣሩ ለምለም ነው።

ያን ክብ እኔ በደንብ አውቀው ነበር። የት ጋ እንደሚያልቅ በእግሬ ለክቼ አውቃለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳቦዬን ይዤ ከክቡ አንድ እርምጃ ወጣ ብዬ እቆምና እበላ ነበር። ጃክ ይንደረደራል፣ ሰንሰለቱ አንገቱን ያንቀዋል፣ ይስላል፣ እንደገና ይንደረደራል። ዓይኑ ይቀላል። እኔ አልንቀሳቀስም። ጎረቤት ልጆችን ጠርቼም አሳይቻለሁ፣ የኛ ውሻ ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ ይዩልኝ ብዬ። ይሄን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ቡቺ በዚያው ጊዜ ሱቁ በር ላይ የስኳር ጆንያ አንጥፎ ይተኛል። ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ይረግጠዋል፣ ይዘለዋል፣ ይዳስሰዋል። ልጆች ጆሮውን ይጎትቱታል፣ ብስኩት ይወረውሩለታል፣ አንዷ ልጅማ ሻሽ ታስርለት ነበር። ሌሊት ግን በማያውቀው ኮቴ ላይ ሰፈሩን እስኪቀሰቅስ ይጮሃል፣ ውሻ በበላበት ይጮሃል አይደል። መልአክ ነበር ማለቴ አይደለም። አንድ ማታ ሰክሮ የረገጠውን ሰውዬ ቁርጭምጭሚቱን ነክሶታል። ነክሶ ለቀቀው፣ ሸሽቶም ጆንያው ሥር ገባ።

የጃክ ግን እንደዚያ አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የጎረቤታችን ልጅ፣ ሁለተኛ ክፍል ነበር፣ ኳሱ አጥር ዘሎ እኛ ግቢ ገባበት። አባባ በሩን ሳይዘጉ ወደ ሱቅ ብቅ ብለው ነበር። ልጁ ገባ። ኳሱ ክቡ ውስጥ ነበር። እሱ ደግሞ ክቡን አያውቀውም። እኔ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፣ ዞር ስል ጃክ ክንዱን ይዞታል። አልጮኸም፣ አላጉረመረመም። ዝም ብሎ ይዞ ይነቀንቀዋል። አባዬ ወጥቶ በዱላ እስኪያስለቅቀው ድረስ አልለቀቀም።

እናቴ ልጁን ቧንቧ ሥር ወስዳ በልብስ ሳሙና ክንዱን አጠበችው። እሱ ያለቅሳል፣ እሷም ታለቅሳለች፣ ግን እጇን አላነሳችም። ያኔ ለምን እንደዚያ እንዳደረገች አላውቅም ነበር፣ አሁን ግን የመጀመሪያው ሕክምና እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ክትባት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፣ ከዚያ በፊት ክትባት ከተጀመረ ግን ሰው ይተርፋል። ያኔ ውሻ ነከሰው የተባለ ሁሉ ወደ ጉለሌ፣ ፓስተር ነበር የሚሮጠው። ልጁንም እዚያው ወሰዱት። ለብዙ ቀናት ሆዱ ላይ ተወጋ። በየቀኑ ሲሄድና ሲመጣ ከበሩ ቀዳዳ አየው ነበር፣ ደፍሬ ወጥቼ ግን አላናገርኩትም።

ጃክን 10 ቀን እንድንጠብቀው ተነገረን። ውሻው በሽታውን ሲነክስ ይዞት ከነበረ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታል። አልታመመም። በ11ኛው ቀን ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዱት። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅንም። አንደኛው በማግስቱ ተመልሶ መጣና ሰንሰለቱን ለአባባ ሰጣቸው።

ያኔ ሰፈሩ ሁሉ ምን አለ? «ዘሩ ነው»። ጀርመን ስለሆነ ነው፣ ደሙ ውስጥ ነው፣ የፈረንጅ ውሻ አይታመንም። እኛም ቤት ይሄው ተባለ። ተገላገልን። መቶ እርምጃ እልፍ ብሎ የአንድ እናት ልጅ ሱቅ በር ላይ ሻሽ ታስሮለት ተኝቷል፣ እሱን ያነሳ ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ውሻ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። ብዙው ወደዚያ ከሰል ቤት ነው የሚመልሰኝ። አሜሪካ ውስጥ፣ ሜይን ግዛት ባር ሃርበር በሚባል ቦታ፣ ተመራማሪዎች ቡችሎችን በትልቅ አጥር ግቢ ውስጥ ሰው ሳያዩ አሳደጉ፣ ውጤቱንም በፈረንጆች 1961 አወጡት። አንዳንዶቹን በ3ኛው፣ በ5ኛው፣ በ7ኛው ሳምንት እያወጡ ከሰው ጋር አቆዩአቸው። እነዚያ ሰው ለመዱ። እስከ 14ኛው ሳምንት ሰው ያልነካቸው ግን እንደ አውሬ ሆነው ቀሩ፣ ሰው ሲጠጋቸው ይሸሻሉ። ቡችላ ዓለምን የሚመዘግብበት ጊዜ በግምት ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ነው። ሰው፣ ሕፃን፣ ጃንጥላ፣ ሞተር ሳይክል፣ ክራንች የያዘ አዛውንት፣ በዚህ ጊዜ በሰላም ያየው ነገር አያስደነግጠውም። ያላየው ነገር ሁሉ ግን ጠላት ሊሆንበት ይችላል። ጃክ እኛ ቤት የመጣው በ6 ሳምንቱ ነው፣ እስኪያልፍበት ድረስ ጨለማ ውስጥ ያስቀመጥነው እኛ ነን። ክፉ አልነበረም፣ ይፈራ ነበር። የሚሸሽበት ደግሞ አልነበረውም፣ ምክንያቱም ታስሯል። የሚፈራ እንስሳ መሸሻ ካጣ የሚቀረው ጥርሱ ነው።

ሰንሰለቱም የራሱ ሥራ አለው። በ1994፣ አሁንም በፈረንጆች፣ ዴንቨር ከተማ ላይ የተናከሱ ውሾችን ካልተናከሱ ጎረቤት ውሾች ጋር አስተያይተው ነበር። የተናከሱት ግቢ ውስጥ በሰንሰለት የመታሰራቸው ዕድል ወደ 3 እጥፍ ይጠጋል። እዚያው ጥናት ላይ ግን ጀርመን ሼፐርድም ከተናካሾቹ ውስጥ በብዛት ተገኝቷል። ይሄን የምጽፈው ለራሴ የሚመቸኝን ብቻ መርጬ እንዳልይዝ ነው።

ምክንያቱም ዘር ምንም አይደለም ብሎ ማለፍም ልክ አይመስለኝም። ሳይቤሪያ፣ ኖቮሲቢርስክ አካባቢ ከ1959 ጀምሮ የተደረገውን የቀበሮ ሙከራ ሳነብ ሐሳቤ ተናግቶ ነበር። ቤልያየቭ የሚባል የዘረመል ሊቅ ለፀጉራቸው ከሚረቡ ቀበሮዎች ውስጥ ሰውን የማይፈሩትን ብቻ እየመረጠ አራባ። ከጥቂት ትውልድ በኋላ ጭራቸውን የሚቆሉ፣ እጅ የሚልሱ ቀበሮዎች ወጡ። በሌላ በኩል ደግሞ በጣም የሚናከሱትን ለብቻ አራቡ፣ እነሱም እየባሱ ሄዱ። የተናካሾቹን ግልገል ለለማዳ እናት ሰጥተው ቢያሳድጉት እንኳን ባሕሪው ወደ ወለደችው ነው ያደላው። ስለዚህ ቁጣ ይወረሳል፣ መካድ አይቻልም።

ብዙ ካሰብኩበት በኋላ የገባኝ፣ እኛ «ዘር» ስንል ሁለት ነገር እንደምናደባልቅ ነው። የእናትና የአባት ባሕሪ አንድ ነገር ነው፣ ጀርመን ወይ ሮትዋይለር የሚለው ስም ደግሞ ሌላ። ቀበሮዎቹን የመረጡት በባሕሪያቸው ነው። ዛሬ ቡችላ የሚሸጠው ግን በጆሮው አቋቋም፣ በቀለሙ፣ በእግሩ ውፍረት ነው። በ2022 አሜሪካ ውስጥ ከ18,000 በላይ የሚሆኑ ውሾች ባለቤቶችን ጠይቀው፣ ከ2,000 በላይ የሚሆኑ ውሾችን ዘረመል አንብበው ያወጡት ጥናት፣ በአንዱ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የባሕሪ ልዩነት የዘሩ ስም የሚያስረዳው 9 በመቶ ገደማውን ብቻ ነው ይላል። ቶሎ መቆጣትን ከዘር ስም መገመት ደግሞ ከሞላ ጎደል የማይሆን ነው። እንግሊዞች በ1991 አራት ዓይነት ውሾችን በሕግ ከለከሉ። ከ30 ዓመት በላይ ቆይተው ደግሞ ኤክስ ኤል ቡሊ የሚባለውን አምስተኛ መጨመር ግድ ሆነባቸው።

ዘር በእርግጠኝነት የሚወስነው ነገር ግን አለ፣ እሱም ጉዳቱን ነው። የትልቅ ውሻ መንጋጋና የትንሽ ውሻ መንጋጋ እኩል አይደለም። ጃክ የድመት ያህል ውሻ ቢሆን ኖሮ የዚያ ልጅ ክንድ ላይ ዛሬም የሚታየው ጠባሳ ባልኖረ ነበር። ትልቅ ውሻ የሚያሳድግ ሰው የበለጠ ማላመድ አለበት እንጂ የበለጠ መደበቅ አልነበረበትም። እኛ ያደረግነው ተቃራኒውን ነው።

አባዬን አልወቅሰውም። የሚያውቀውን ነው ያደረገው፣ ሌባ በሚበዛበት ሰፈር አምስት ልጆች ይዞ። አባባም የሰሙትን ነው የነገሩን። ዳቦዬን ይዤ ክቡ ጫፍ ላይ ስቆም ግን ያን ማንም አልነገረኝም፣ ከራሴ ነው።

ከወንድሜ ስልክ በኋላ ባለው ቅዳሜ አንድ ቦታ ቡችላ አለ ተብሎ ሄድኩ። መጀመሪያ እናቲቱን አሳዩኝ አልኳቸው። ግቢ ውስጥ ልቅ ነች፣ ጡቷ ላይ ቡችሎቿ ተደርድረዋል። እኔን ስታይ ተነሥታ ጮኸች። ባለቤቷ ስታናግራት ዝም ብላ መጥታ እጄን አሸተተችኝ፣ ከዚያ ተመልሳ ተኛች። ልጆቿን ሳነሳ ከዓይኗ አላወጣችኝም፣ ግን አላጉረመረመችም። ደስ አለችኝ። ሀበሻ ነች፣ ጀርመንም ምንም አይደለችም። ከቡችሎቹ ውስጥ ጥግ የሚይዘውንም፣ ሌሎቹን እየረገጠ የሚፈነጨውንም ትቼ መሐል ያለውን አነሳሁ። 7 ሳምንቱ ነው።

አሁን እዚህ አልጋዬ ሥር ካርቶን ውስጥ ተኝቷል። ዛሬ ቀኑን ሙሉ የኮንዶሚኒየሙ ልጆች ሲቀባበሉት ዋሉ። አንዷ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ሆዱን ስታክከው እግሩ ብቻውን ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እሷም በሳቅ ፈረሰች። ጃንጥላ ዘርግቼ አሳየሁት። ሸሸ፣ ከዚያ መጥቶ ነከሰው፣ ከዚያ ሥሩ ተኛ።

ወንድሜ ማታ ደወለ። «አገኘሽልኝ?»

«አግኝቻለሁ። ግን ለሁለት ወር እኔ ጋ ይቆያል። አንተም በየሳምንቱ ልጆችህን ይዘህ ትመጣለህ፣ ያለዚያ አልሰጥህም።»

ትንሽ ዝም አለ። «ሰው አይለምድም እንዴ?»

«ይለምዳል» አልኩት።

«ሌባ ቢመጣስ?»

«ይጮሃል። አንተ ትነሣለህ።»

ስለ ጃክ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። በስልክ አልሆነልኝም። ቅዳሜ ሲመጣ እነግረዋለሁ፣ ስለ ዳቦውም ጭምር። የእብድ ውሻ ክትባቱ 3 ወር ሲሞላው ነው፣ ቀኑን ካላንደር ላይ አክብቤዋለሁ። አሁን ካርቶኑ ውስጥ እያለቀሰ ነው፣ ልነሣና ላንሳው።