ቢን ካርድ ላይ ያልተቆጠሩት

በምሠራበት የክልል ሆስፒታል የልብ ሕሙማን ክትትል ክሊኒክን አስተባብራለሁ። ከታካሚዎቻችን ብዙዎቹ በልጅነታቸው በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ወደ ሩማቲክ የልብ በሽታ ተሻግሮባቸው ቫልቫቸው (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው የልብ በር) የተጎዳ ወጣቶች ናቸው። ተራ የደረሳቸው አዲስ አበባ ሄደው የብረት ቫልቭ ተተክቶላቸዋል። እነዚህ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት ዕድሜ ልካቸውን ይወስዳሉ፤ ደማቸውም በየጊዜው መመርመር አለበት። በግራ የልብ ክፍሎች መካከል ላለው ሚትራል ቫልቭ፣ ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ የሚያሳየው የአይ ኤን አር ምርመራ ውጤት ከ2.5 እስከ 3.5 እንዲሆን ይፈለጋል። ሲወርድ ደም ቫልቩ ላይ ይረጋል፤ ሲያሻቅብ አንጎል ውስጥ ሊደማ ይችላል።

አንድ ማክሰኞ እናቷ ደግፈዋት የመጣች ወጣት ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ዶክተሩ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ቆየና “ሲስተር፣ የብረቱ ድምፅ ደብዝዟል” አለኝ። ደህና የሚሠራ የብረት ቫልቭ ሲዘጋ ጥርት ያለ ቀጭታ ይሰማል። የልብ አልትራሳውንዱም የረጋ ደም አሳየ። የደም መርጋትን የሚገታው ሄፓሪን ተጀምሮላት በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ተላከች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተርፋለች። የክትትል ደብተሯን ስገልጥ በውጤቱ ዓምድ ላይ ተደጋግሞ የተጻፈው “ሪኤጀንት የለም” የሚል ነበር፤ ምርመራው የሚሠራበት ኬሚካል ማለት ነው። እናቷ “እኛ እኮ ቀጠሮ አጉድለን አናውቅም፣ ልጄ” አሉኝ።

በዚያው ሰሞን የዓመቱ ዕቅድ ስብሰባ ነበር። ውይይቱ በአዲስ አልትራሳውንድ ግዥ ላይ አተኩሮ ሳለ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። የላቦራቶሪ ኃላፊው የሪኤጀንቱ ጥያቄ በደንቡ መሠረት እንደቀረበ አስረዱ፤ ባለፈው ዓመት 210 ምርመራ ስለተሠራ ለዘንድሮም ያንኑ ያህል ተጠይቋል። ከመጋዘን ሠራተኛው ጋር የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ ስናይ ግን ከ12 ወር ውስጥ 5ቱን ሪኤጀንቱ አልነበረም። 210 የ7 ወር ሥራ ነው፤ በወር 30፣ በዓመት 360 ማለት ነው። የመጠየቂያ ቅጹ ዕቃው ያለቀባቸው ቀናት የሚሞሉበት ዓምድ አለው፤ ባዶውን ተትቷል።

ይህም አላሳመነኝም። ከመዝገባችን ዋርፋሪን የሚወስዱትን ስቆጥር 84 ሆኑ። እያንዳንዳቸው በወር አንዴ ቢመረመሩ 1,008 ይመጣል። የቀሩት የት ገቡ? “የለም” የተባለ ሰው አቅም ካለው በግል ላቦራቶሪ ይከፍላል፤ ከሌለው መጠየቁን ይተዋል። በፍጆታ ብቻ ስናቅድ ያጣነው ሰው ከሒሳቡ ይወጣል፤ እጥረቱም በቀጣዩ ዓመት እንደ ትንሽ ፍላጎት ሆኖ ይመለሳል። ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሰዎች የሚሞቱበት ሒሳብ ነውና።

ሌላም ያነሳሁት ነበር፦ ጾም። በዐቢይ ጾም ጎመን በብዛት ይበላል፤ ጎመን ደግሞ በቫይታሚን ኬ የበለጸገ በመሆኑ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። ጎመን ተዉ ብሎ መከልከል ሳይሆን የጾሙን ወራት በዕቅዱ አስገብቶ ምርመራውን ማጥበቅ ይሻላል።

ጥያቄው በሕሙማን ቁጥር ተሰልቶ እንደገና ተላከ፤ እስኪደርስ ድረስ ከሆስፒታሉ የውስጥ ገቢ እንዲገዛ ተወሰነ። አልትራሳውንዱም ከዕቅዱ አልወጣም። አሁን የምንነጋገረው ከሩቅ ወረዳ ለሚመጡት ደሙ በአካባቢያቸው ጤና ጣቢያ ተቀድቶ በዕለቱ ወደ እኛ ላቦራቶሪ ስለሚላክበት መንገድ ነው፤ ጤና ጣቢያዎቹ ፈቃደኛ ናቸው፣ የቀረው የሞተር ብስክሌቱ ነዳጅ ከየትኛው በጀት እንደሚወጣ መወሰን ነው።