መንዝ ላይ ቅድመ አያት ፍለጋ

ቅድመ አያቴ የት ነው የሞተው? ቤተዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይህ ክርክር ሳይነሳ አይቀርም። አክስቴ በ1928 ማይጨው ዘምቶ በዚያው ቀረ ትላለች። አጎቴ ደግሞ የለም፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ አርጅቶ እቤቱ ነው የሞተው ባይ ነው። ስሙ ላይ ግን ሁለቱም ይስማማሉ። እኔም አገሩ ሄጄ ልጠይቅ ብዬ ተነሳሁ።

ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ ተገነጠልን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሞላሌ ሻይ ጠጥተን መሐል ሜዳ ገባን። መንዝ እኮ ራሱ የዘር ሐረግ ነው፤ ማማ፣ ላሎና ጌራ የተባሉት ምድሮች የሦስት አባቶች ስም እንደሆኑ ነው የሚነገረው።

ያገኘኋቸው ሽማግሌ ሰማንያን ያለፉ፣ በወጣትነታቸው በርስት የተሟገቱ ሰው ናቸው። የየካቲት 1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪመጣ ድረስ ርስት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም በኩል እስከ አቅኚው አባት ትውልድ ተቆጥሮ ነበር፤ መቁጠር ያቃተው መሬቱን ያጣል። ስለዚህ እሳቸው የሚያውቁት ዳኛ ፊት የቆሙበትን፣ ባላጋራ የመረመረውን ነው። የዘር ሐረግ የምትፈልጉ ሰዎች እንዲህ ያለ ሽማግሌ ካላችሁ ዛሬውኑ ሂዱ፣ እባካችሁ።

የያዝኩትን ዝርዝር አነበብኩላቸው። በጣታቸው እየቆጠሩ ሰሙኝና፣ «አንዱን ዘለልከው፣ ልጄ» አሉኝ።

ለካ ማይጨው የቀረው የአያቴ አባት ነው። አያቴ ያኔ ሕፃን ስለነበር የአባቱ አባት ወስደው አሳደጉት፣ ልጁም በአሳዳጊው ስም ተጠራ። የቤተሰብ ስም በሌለበት አገር የአባት ስም ቦታ ላይ አያት ከገባ አንድ ሰው ከነታሪኩ ይጠፋል። እቤታቸው አርጅተው የሞቱት አሳዳጊው ናቸው። አክስቴም አጎቴም እውነታቸውን ነበር፤ አባትና ልጁን በአንድ ስም እየጠሩ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የተከራከሩት። የዘማቹን ስም ስሰማ እንባዬ መጣ። ከእኛ ቤት አንድም ሰው ጠርቶት አያውቅም።

ለጸሎት ደግሞ የክርስትና ስሙ ያስፈልጋል። ሽማግሌው አያውቁትም። ቤተ ክርስቲያን ያለው የቤተሰቡ የብራና ዳዊት ላይ የባለቤቱ ስም ተፍቆ ሌላ ተጽፎበታል፤ መጽሐፍ እጅ ሲቀይር እንዲያ ይደረግ ነበር። የክርስትና አባቱ ዘሮች ሞላሌ አካባቢ አሉ ተብያለሁ። ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ፣ አክስቴም አብሬህ ካልሄድኩ ብላለች።