ከደቅ ወደ ባሕር ዳር፦ ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ወረቀታችሁን አንብቡ

እናቴን ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ከደቅ ደሴት ባሕር ዳር ወስጄ አሳክሜያለሁ። ዓይኗ በርቷል፣ ተመስገን። ስለ ወረቀቱ ጣጣ ግን ከእኔ በፊት የሄደ አንድ ሰው እንኳ ሹክ ቢለኝ ኖሮ ያን ያህል ባልተንገላታሁ። ነገሩ የሆነው መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። አሁን የተጨመረውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ጉዞው ቀላሉ ነው። በጠዋት ተነሱ። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቶሎ ይቆጣል፣ ነፋሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። «ቀትር ላይም እንነሳለን» የሚል ባለጀልባ ካጋጠማችሁ ጉዞውን ለነገ አድርጉት። ሎሚና ፌስታል ያዙ። እናቴ ዳጋ እስጢፋኖስ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቃ ወደዚያው ዞራ ተሳለመች። ልጄ አባቷ ጭን ላይ ተኝታ ደረሰች። ከጀልባ ወረድን፣ ባጃጅ ያዝን፣ አክስቴ ቤት አረፍን።

ጣጣው የጀመረው በማግስቱ፣ ሆስፒታሉ የጤና መድን መስኮት ላይ ነው።

የጤና መድን አባል በቀጥታ ሆስፒታል ከሄደ ከኪሱ ይከፍላል። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይቶ ሪፈር ማጻፍ አለበት። እኛም አጽፈናል። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቀን አለው። የመድን ደብተሯም ታድሷል። መስኮቱ ጋ ያለው ልጅ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ አያቸው፣ አያቸው። ከዚያ «እህቴ፣ ይሄ አይሆንም» አለኝ። የእናቴ ስም ደብተሩ ላይ በ«ጸ» ነው፣ ሪፈሩ ላይ በ«ፀ»።

የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደም።

«ያው አንድ ስም እኮ ነው» አልኩት።

«ለእኔና ለአንቺ አንድ ነው። ለኦዲተር ሁለት ሰው ነው።»

መታወቂያዋን ሰጠሁት። ፎቶዋ አለበት፣ እሷም ፊቱ ቆማለች። «ማዘር፣ ይቀመጡ» ብሎ ወንበር አሳያት። ትሕትናው አልጎደለም። እንዲያውም ያናደደኝ እሱ ነው፤ በትሕትና የሚያጉላላን ሰው እንኳን መሳደብ መቆጣትም አይመች።

ምን ላድርግ ስለው «ጤና ጣቢያው አስተካክሎ ይጻፍላችሁ፣ ነገ ይዘሽ ነይ» አለኝ። ነገ! ለባሕር ዳር ሰው ይህ የአንድ ባጃጅ መንገድ ነው። የእኛ ጤና ጣቢያ ግን ውሃ ማዶ ነው፣ ጀልባውም በፈለግነው ቀን አይመላለስም። ይህንን ነገርኩት። አዳመጠኝና «ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ» አለኝ። ናርጋ ሥላሴን ለማየት ቱሪስት ወደ ደቅ እንደሚሄድ ሳያውቅ አይቀርም። እዚያ የሚታመም ሰው መኖሩ ግን ትዝም አላለው።

ጤና ጣቢያ ደወልኩ። ጤና መኮንኑ ወዲያው አስተካክሎ ጽፎ ፎቶውን በቴሌግራም ላከልኝ። መስኮቱ ጋ «ኦርጅናሉ ነው የሚያስፈልገው» ተባልኩ። ኃላፊው ጋ ሄድኩ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው። ከሰዓት ተመለስኩ፣ ስብሰባው አላለቀም። ባለቤቴ «ተይው፣ ከኪሳችን እንክፈል» ይለኛል። እኔን ደግሞ እልህ ያዘኝ። መዋጮውን በየዓመቱ የከፈልነው ለዚህ ቀን አይደል እንዴ? ዛሬም ቢሆን አልከፍልም።

በመጨረሻ ወንድሜ አዲሱን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልሎ በባለጀልባ እጅ ላከው። እስኪደርስ አራት ሰው ሆነን አክስቴ ቤት ሰነበትን። ፊቷ አንድም ቀን አልጠቆረም፣ እኔ ግን እራት በቀረበ ቁጥር እሸማቀቅ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ስሄድ መስኮቱ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ስሙን ዞር ብላም አላየችው። ማኅተሙን አይታ «ግቡ» አለችን።

ቀዶ ሕክምናውማ አንድ ጀበና ቡና እስኪፈላ ያህል ቢቆይ ነው። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ እናቴ አየት አደረገችኝና «ምነው እንዲህ ከሳሽ?» አለችኝ።

ጤና ጣቢያው «ሪፈሩን ይዛችሁ ቶሎ ሂዱ» ይላችኋል። ድንገተኛ ሕመም ካልሆነ አትቸኩሉ። እዚያው ቆማችሁ ከመድን ደብተሩና ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። የጻፈው ሰው ቢሰለች ይሰልች። «ኮፒ አያስፈልግም» ቢሏችሁም ኮፒ ያዙ። ዓርብ ባሕር ዳር አትድረሱ፤ አንድ ነገር ከጎደለ ቅዳሜና እሑድን ያለ ሥራ ትቀመጣላችሁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ነፃ የሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ መኖሩን ደውላችሁ ጠይቁ። ካለ ይህ ሁሉ ወረቀት ሊቀርላችሁ ይችላል።

ስለ ቀጠሮም ልንገራችሁ። እናቴ ለክትትል የተቀጠረችበት ቀን ለእኛ ጀልባ የሌለበት ቀን ነበር። ድሮ ቢሆን እሺ ብዬ እወጣ ነበር። መስኮቱ ግን አፌን ፈትቶታል። ለነርሷ «እኛ የምንመጣው ከደሴት ነው፣ ያን ቀን ጀልባ የለም» አልኳት። «ታዲያ መቼ ይመቻችኋል?» አለችና ሰርዛ ሌላ ቀን ጻፈችልን።